መልቀቂያው ከመጻፉ በፊት

አለቃው ያስመረረው ሰው ምክር አያጣም። ቤት ሲገባ እናቱ ወይም ታላቅ እህቱ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፤ አርፈህ ሥራህን ሥራ» ትለዋለች። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ደግሞ «አንተን የመሰለ ባለሙያ! ወረቀቱን ፊቱ ላይ ወርውረህለት አትወጣም?» ይሉታል። ሁሉም የሚናገሩት በፍቅር ነው። የቤት ኪራዩን ግን አንዳቸውም አይከፍሉለትም፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አለቃው ፊት የሚቆመውም እሱ ብቻ ነው።

ምክሮቹ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ጉድለታቸው አንድ ነው። ጉዳዩን በአንድ ቀን የሚቆረጥ አድርገው ያዩታል፤ ወይ ቻል፣ ወይ ውጣ። በሁለቱ መካከል ግን ወራት ሊወስድ የሚችል ሥራ አለ፤ እሱም ዝግጅት ነው። ለመልቀቅ መዘጋጀት ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ። አለቃ የከበደው ሰው ዝግጅቱን ዛሬውኑ ቢጀምር አይጎዳም፤ መልቀቁን ግን ምናልባት ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል። መብቱን ያወቀ፣ ማስረጃውን የሰነደ፣ የጥቂት ወራት ወጪ የያዘ ሰው እዚያው ቢቆይ እንኳ አቆያየቱ ይለያል። ሲጮኹበት ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ የማይገባ ወረቀት ፈርም ሲሉት «አልፈርምም» ለማለት አቅም ያገኛል።

ለመሆኑ አስቸጋሪ የምንለው የትኛውን አለቃ ነው? ሪፖርት ሦስት ጊዜ የሚመልስ፣ «ይኸ ቁጥር ከየት መጣ?» እያለ በቀይ እስክሪብቶ የሚያሰምር፣ ምስጋና ከአፉ የማይወጣ አለቃ ያስመርራል። ከእሱ ጋር ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ሲገባ ሥራው ተለይቶ ይታያል። ወጣት አንባቢ ሊቀየመኝ ይችላል፤ ቢሆንም ኮስታራ መሆንና በዳይ መሆን አንድ አይደሉም። ሥራውን የሚተች አለቃ ዘንድ ብዙ የሚቀሰም ነገር አለ፤ ሰውየውን የሚያዋርድ አለቃ ዘንድ የለም።

ሌላው መወሰን የማይችለው ነው። ጎበዝ መሐንዲስ ነበር፤ ጎበዝ ስለነበረ ሥራ አስኪያጅ ተደረገ፤ ሰው ማስተዳደርን ግን ማንም አላስተማረውም። ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ይከማቻል፣ ፊርማ ያስፈራዋል፣ ከበላይ ሲጠየቅ «ልጆቹ አላደረሱልኝም» ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚበጀው ጥያቄ ይዞ ከመሄድ ውሳኔውን አዘጋጅቶ መሄድ ነው፤ ደብዳቤው ተረቅቆ፣ አማራጩ ሁለት ሆኖ፣ የቀረው ፊርማ ብቻ እንዲሆን። ያደክማል፤ ግን ይሠራል። ማታ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም «የት ደረሰ?» የሚለውም ብዙ ጊዜ ክፉ ሳይሆን ፈሪ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ የሚብስበት ከበላዩ የሚጮህበት ስላለ ነው። ሳይጠየቅ ቀድሞ ከቢሮ መውጫ ሰዓት በፊት ሁለት መስመር የሚልክለት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ማታውን ይገላገላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በዳዩ ነው። አሜሪካዊው የአስተዳደር ምሁር ቤኔት ቴፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን አለቅነት ሲበይኑ፣ የቃልና የሁኔታ ጥላቻው የማያቋርጥ መሆኑን የብያኔው አካል አድርገዋል። አንድ ቀን ተቆጥቶ ማግስቱን የሚጸጸት አለቃ እዚህ ውስጥ አይገባም። በሰው ፊት የሚሳደብ፣ የሌላውን ሥራ በስሙ የሚያቀርብ፣ ሰላምታ እየነፈገ የሚቀጣ፣ ይህንንም ሳምንት ከሳምንት የሚደጋግም ግን ይገባል።

መለያው ቀላል ነው፤ አጠገብህ የተቀመጡትን እይ። ሁሉንም እኩል የሚያንገላታ ከሆነ ጠባዩ ነው፤ ያንተ መለወጥ አይለውጠውም። አንተን ብቻ ከሆነ ግን በመካከላችሁ አንድ ነገር አለ። ምናልባት ያልተነገረህ የሥራ ጉድለት ነው፣ ምናልባት ተንኮለኛ ያደረሰው ወሬ፣ ምናልባትም ያንተን ወንበር ለሌላ ሰው ፈልጎታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በንግግር ይፈታሉ።

በንግግር ስል ግን ሐሜትን አይደለም። ከምሳ በኋላ ቡና ላይ አለቃን መቦጨቅ ልብ ያቀልላል፤ ችግሩን ግን ንክች አያደርገውም፤ እንዲያውም ከዚያ ቡና ላይ ወሬውን ይዞ አለቃው ጆሮ የሚገባ አይጠፋም። ሽማግሌ መላክንም በጥርጣሬ ነው የማየው። ሽምግልና በሁለት እኩዮች መካከል ለተነሣ ጠብ ድንቅ ነገር ነው። የሥራ ጉዳይ ሲገባበት ግን ነገሩን ወደ ቅያሜ ይለውጠዋል። «በሉ ይቅር ተባባሉ» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ያልተከፈለው የትርፍ ሰዓት ግን እንዳልተከፈለ ይቀራል። ያ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ መብቱን ቢጠይቅ ደግሞ ዕርቅ አፍራሽ ተብሎ ይወቀሳል።

እንዴት ይነገር ታዲያ? አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አለች እንበል። አለቃዋ ማክሰኞ አንድ ነገር ያዝዛታል፣ ሐሙስ ሌላ ነገር ለምን አልሠራሽም ብሎ ሰው መካከል ይጮህባታል። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ሊገባ ሲጣደፍ ብትይዘው አይሰማትም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ቢሮው ሰው የሌለበትን ሰዓት መርጣ ትገባለች።

«አሥር ደቂቃ ቢሰጡኝ?»

«ምን ተፈጠረ ደግሞ?»

«ባለፈው ማክሰኞ የባንክ ሪኮንሲሌሽኑን አስቀድሚ ብለውኝ ነበር። ሐሙስ ቫቱ ለምን አልደረሰም ብለው ሰው ፊት ተቆጡኝ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አልደረሱልኝም። ከእንግዲህ ሥራ ሲደራረብ የትኛው እንደሚቀድም በአጭር መልእክት ቢያሳውቁኝ፣ ካጠፋሁ ደግሞ እዚህ ጠርተው ቢነግሩኝ።»

ያለችውን ልብ በሉ። «እርስዎ ሰው አያከብሩም» አላለችም፤ ቀኑን፣ ሥራውን፣ የሆነውን ተናገረች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም አለቃው ገንዘብ ሳያወጣ፣ ፊቱም ሳይገረጣ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ናቸው። ከዚያ ወጥታ በዚያው ቀን በኢሜይል «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ሥራ ሲደራረብ ቅደም ተከተሉን ያሳውቁኛል፤ አመሰግናለሁ» ብላ ትጽፋለች። አለቃው ቢሻሻል እሰየው። ባይሻሻል፣ መናገሯ ቀን ያለው ማስረጃ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። በደሉን በልቡ ይይዛል እንጂ በወረቀት አይዝም። አንድ ዓመት የተበደለ ሰው «እስቲ ምን አደረገህ?» ሲባል «ምን ያላደረገው አለ!» ይላል፤ ይህ ለቡና ላይ ወሬ ይበቃል፣ ለሰው ኃይል ክፍልም ሆነ ለዳኛ ግን አይበቃም። አንድ ደብተር ቤት ይቀመጥ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተባለው ቃል እንደወረደ፣ ማን ማን እንደነበረ፤ ሦስት መስመር በቂ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ፤ የለቀቅክ ቀን እሱም ይቀራልና።

አቤቱታ ሲጻፍ ደግሞ ሁለት ኮፒ ይያዝና ወደ መዝገብ ቤት ይወሰድ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ግልባጭ አለው?» ትላለች፣ አንዱን ትወስዳለች፣ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም አድርጋ ቁጥርና ቀን ትጽፍበታለች። ያ ቁጥር ያለበት ወረቀት ካንተ እጅ አይውጣ። ለአለቃ በእጅ የተሰጠ አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ግን «አልደረሰኝም» አያስብልም። በተቃራኒው ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሠራተኛ በንዴት «አልቀበልም» ብሎ ወረቀቱን መመለሱ የተለመደ ነው። ጀግንነት ይመስላል፤ ጥቅም ግን የለውም። ተቀብሎ «ደርሶኛል፤ ይዘቱን አልቀበልም» ብሎ ቀን ጽፎ መፈረምና በማግስቱ የጽሑፍ መልስ ማስገባት ይሻላል።

ሕጉን የምናውቅ ጥቂቶች ነን፤ አለቆችም ብዙዎቹ አያውቁትም። በግል ድርጅት የሚሠራውን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። «የሥራ መሪ» የሚባለውም ከዚህ አዋጅ ውጪ ነው። እዚህ ላይ ወረቀት ላይ «ማናጀር» መባል ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም፤ ሕጉ የሚያየው ሰውየው መቅጠር፣ ማዛወር፣ መቅጣት፣ የድርጅቱን ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም የመሰለ ሥልጣን እንዳለው ነው።

አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል፤ ቸርነት አይደለም ማለት ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ በትእዛዝ የተሠራ ቀን ከሆነ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ትርፍ ሰዓቱም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። «ሥራችን የቤተሰብ ነው፣ ሰዓት አንቆጥርም» የሚል አለቃ ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

ለመልቀቅ በሩ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በማንኛውም ምክንያት፣ ምክንያቱን ሳይናገርም፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሚወጣበት ነው። ሁለተኛው የአንቀጽ 32 በር ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በዚያው ቀን። በዚህ የሚወጣው አሠሪው ሰብአዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት የፈጸመበት፣ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የደረሰበት፣ ለጤናው ወይም ለደኅንነቱ የሚያሰጋ አደጋ እያለ አሠሪው አውቆ ዝም ያለበት፣ ወይም አሠሪው መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ያልፈጸመለት ሠራተኛ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። እንዲህ የወጣ ሰው ከስንብት ክፍያው በላይ ካሳም ይገባዋል። ብዙዎች የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ ግን አለ፤ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። «ጥቂት ልታገሥ» ብሎ ሦስት ወር የቆየ ሰው በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ደብተሩ ላይ ቀን መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም እዚህ ላይ ይታያል።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛውና ሕጉ የማያውቀው አወጣጥ ነው፤ ተናዶ መቅረት። ስልክ አጥፍቶ ቤት መተኛት። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ውልቅ ብሎ የወጣም እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ለአሠሪው ካሳ ሊከፍል ይችላል። ባለጥፋቱ አለቃው ሆኖ ሳለ፣ መዝገቡ ላይ አጥፊው ሠራተኛው ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመልቀቅ ሐሳብ የሚከሽፈው ድፍረት በማጣት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ሒሳብ ባለመሥራት ነው። በወር ቢያንስ ስንት እንደሚያስፈልግህ፣ ያለ ደመወዝ ስንት ወር እንደምትዘልቅ በወረቀት ላይ አስቀምጥ። ዕቁብ ካለብህ ዕጣው ወጥቶልህ ከሆነ ቀሪውን መጣያ ከየት ታመጣለህ? ገና ካልወጣልህ ከዳኛው ጋር ተነጋግረህ ዕጣው የምትለቅበት አካባቢ እንዲውልልህ ማድረግ ትችላለህ። መሥሪያ ቤትህ ሥልጠና ልኮህ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለህ ፈርመህ ከሆነ ውሉን አውጥተህ አንብብ። ባንክ ውስጥ ለሚሠሩ ደግሞ የሠራተኛ የቤት ብድር ትልቁ ሰንሰለት ነው፤ ሲለቁ ወለዱ ወደ ደንበኛ ተመን ከፍ የሚልበት ውል ብዙ ነው። ስንቱ ሰው የአለቃውን ስድብ የሚሸከመው በዚህ ብድር ምክንያት እንደሆነ የባንክ ሠራተኞች ያውቁታል። ወለዱ ከፍ ሲል ወርኃዊ ክፍያው ስንት እንደሚደርስ አስልቶ ማወቅ ግን ይቻላል፤ ሲሰላ አንዳንዴ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

የሚገባህንም ቁጠር። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይለወጣል፤ ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሢሶ ሆኖ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 15,000 ብር እየተከፈለው ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 15,000፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት ደግሞ 25,000፣ በግምት 40,000 ብር ማለት ነው። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር መታገሥ ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው። ጡረታው አያሳስብህ። ከአንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተቆረጠ የገባው መዋጮ በጡረታ መለያ ቁጥርህ ተመዝግቦ ይቆያል፤ አዲሱ አሠሪ ከዚያው ይቀጥላል።

ጤናም ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1985 በሎንዶን የተጀመረውና ከ10 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት የተከታተለው፣ በማይክል ማርሞት የተመራው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን አቅም የሌላቸው ሰዎች ለልብ ሕመም የበለጠ የተጋለጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። እኛ ዘንድ በሽታው መጀመሪያ የሚጠራው «ጨጓራ» ተብሎ ነው። እሑድ ከሰዓት ጀምሮ የሚነሣ፣ ዓርብ ማታ የሚተኛ ጨጓራ ከምግቡ ይልቅ ከቢሮው መሆኑ መጠርጠር አለበት። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ላይ መጮኽ ሲጀመር፣ አለቃው ደመወዙ የማይሸፍነውን ነገር እየወሰደ ነው።

መቆየት ትርጉም የሚኖረው መቼ ነው? አለቃው ሊዛወር ወይም ጡረታ ሊወጣ ከሆነ ትዕግሥት ብልህነት ነው፤ ሹም ሽር በማይጠፋበት መሥሪያ ቤት አለቃ ከወንበሩ ቀድሞ ይሄዳል። ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ከተቻለ ከመልቀቅ በፊት እሱ ይጠየቅ። ገና የምትማረው ነገር ካለም ቆይ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ታውቀዋለህ። ተናግረህ፣ ጽፈህ፣ የዝውውር ጥያቄ አስገብተህ ከወራት በኋላ ነገሩ እዚያው ከሆነ ግን መልሱ ተሰጥቶሃል።

ሁለት ጉዳዮች ግን ወራት አይጠበቅባቸውም። አንዱ ወሲባዊ ትንኮሳ ነው። ሌላው ሐሰተኛ ሰነድ ፈርም መባል ነው። ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ ሞዴል 19 እንዲቆርጥ የታዘዘ ግምጃ ቤት ያዥ፣ የሌለ ግዢ ደረሰኝ እንድታወራርድ የተነገራት ካሸር፣ አለቃቸው ደግ ሰው ቢሆን እንኳ አደጋ ላይ ናቸው። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የማን ፊርማ እንዳለበት ነው፤ ትእዛዙ በቃል ከሆነ ደግሞ የሰጠው ሰው አያስታውሰውም። እንዲህ ሲሆን «ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ግን ሥራ ይፈለግ።

መልቀቅን እንደ ቅጣት የሚያስቡ ሰዎች አሉ። «ሲያጣኝ ያውቀዋል!» ይላሉ። ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ለምን እንደማይሆን የሚያስረዳ ነገር አለ። የናይጄሪያ ምድር ባቡር አገልግሎቱ እጅግ ደካማ ሆኖ ሳለ ለምን እንደማይሻሻል ሲመረምር ምክንያቱን ጭነት መኪናው ላይ አገኘው። ኦቾሎኒ የሚያስጭነው፣ ቢቀር ኖሮ አብዝቶ የሚጮኸው ነጋዴ ወደ መኪና ዞሮ ሄደ፤ ባቡሩ ዘንድ የቀሩት ዝምተኞቹ ናቸው። ቢሮም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚለቁት የሚናገሩትና ሌላ ቦታ የሚፈለጉት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ አለቃው ጸጥ ባለ ክፍል ላይ እንደልቡ ይሆናል፤ አንዳንዱም ይደሰታል። ስለዚህ ለእሱ ትምህርት ይሆን ዘንድ የሚለቅ ሰው በከንቱ ይደክማል። የምትለቀው ለራስህ ብለህ ነው። በነገራችን ላይ ብቻህን አይደለህም፤ የጥናት ድርጅቱ ጋሉፕ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከአሜሪካውያን ግማሽ ያህሉ በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ከአለቃ ለመሸሽ ሲሉ ሥራ ለቀው ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ በር ለሁሉም ክፍት አይደለም። በዓረብ አገራት በከፋላ ሥርዓት የምትሠራ እህታችን የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ዝም ብላ ከቤት ብትወጣ «ጠፋች» ተብላ ልትመዘገብና ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለች። የእሷ ዝግጅት ሌላ ነው፤ የውሏ ኮፒና የፓስፖርቷ ፎቶ አገር ቤት ባለ ሰው እጅ እንዲኖር፣ የኤምባሲው ስልክ በወረቀትም በቃሏም እንዲያዝ።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚለቅ ሰው ደብዳቤ አጭር ይሁን። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራዬን በፈቃዴ መልቀቄን አሳውቃለሁ፤ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት ለሚመደብ ሰው አስረክባለሁ» ይበቃል። የሦስት ዓመት ብሶት እዚያ ላይ አይራገፍ፤ ያ ወረቀት ፋይልህ ውስጥ ይኖራል፤ ነገ አዲስ አሠሪ ደውሎ ሲጠይቅ የሚከፈተው እሱ ነው። በአንቀጽ 32 ለሚወጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ ምክንያቱ ካልተጻፈ መብቱ አይሠራም።

ደብዳቤው እንደገባ አንዳንድ አለቃ ድንገት ማር ይሆናል። «ለምን አትነግረኝም ነበር? ደመወዝ እናስተካክላለን።» ችግሩ ደመወዝ ከነበረ ተደራደር። ችግሩ እሱ ራሱ ከነበረ ግን ጭማሪው ቢመጣም እሱ እዚያው ነው፤ አሁን ደግሞ ልትለቅ እንደነበር ያውቃል።

የመጨረሻው ትግል ክሊራንስ ነው። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ አይቲ፣ አንዱ ፈርሞ ሌላው «ነገ ና» ይላል። ላፕቶፑን፣ ባጁን፣ ማኅተሙን፣ ቁልፉን ስታስረክብ በየአንዳንዱ የርክክብ ወረቀት ላይ አስፈርምና ኮፒ ያዝ። ዋስ አቅርበህ ከነበረ የዋስትናው መነሣት በጽሑፍ ለዋስህ ይድረሰው፤ ዋስ የሆነህን ሰው መርሳት ነውር ነው፣ አደጋም አለው። ክፍያህ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃም የአለቃ ስጦታ አይደለም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። እምቢ ካለ ሠራተኛ ማኅበር ካለ ወደ እሱ፣ ከዚያ በየክፍለ ከተማው ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ ነው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ከውሉ መቋረጥ የመነጨ የክፍያ ጥያቄ ግን በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

አዲሱን ሥራ ስትፈልግ ከደመወዙ እኩል አለቃውን መርምር። ቃለ መጠይቅ መጨረሻ ላይ «የሚጠይቁን አለ?» ሲሉህ ዝም አትበል፤ «በዚህ ቦታ ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አሁን የት ነው ያለው?» በል። አድጎ ከሆነ ፊታቸው እየበራ ይነግሩሃል፤ ሲተያዩ ካየህ ማስታወሻ ያዝ። ከዚያ ቦታ የለቀቀ ሰው በሊንክድኢንም ሆነ በሰው በሰው ፈልገህ አንድ ማኪያቶ ጋብዘው፤ አለቃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጣ አትጠይቀው፣ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው።